በእርጥብ ቀለም ላይ የወደቀ አፈር

ጌድዮን ገና ከሩቅ፣ «ትናንት ግቢውን የጠረግሽው አንቺ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ኡርሴላ ሊያመሰግናት መሰላት። ቅዳሜ መንደሩ ሁሉ ጀልባዋን ወደ ባሕር ሊያወርድ ሲሰበሰብ ሰው በስንጥር እንዳይወጋ ብላ፣ ረቡዕ ረፋዱን ከጀልባዋ ሥር የተከመረውን የእንጨት ፍቅፋቂ ስትጠርግ ነበር ያሳለፈችው።

«እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማን አለህ» አለችው ፈገግ ብላ፣ የያዘችለትን ቁርስ ግንዱ ላይ እያስቀመጠች። «ወገቤ ሊቆረጥ ነበር።»

«ምነው እጅሽን አጣጥፈሽ በተቀመጥሽ።»

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀረ። ወንድሟ ሲቆጣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ይልቁንም ዝቅ ያደርገዋል፤ አሁንም የተናገረው ለራሱ የሚያወራ ያህል ቀስ ብሎ ነበር። ክንዷን ይዞ በጀልባዋ አፍንጫ በኩል አዞራትና ወደ ባሕሩ የሚያየውን ጎን አሳያት።

ትናንት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጌድዮን የመጨረሻውን ነጭ ቀለም ቀብቶ ሲጨርስ ጀልባዋ ለመጀመሪያ ቁርባኗ የለበሰች ልጅ መስላ ነበር። በመንደሩ በኩል ያለው ጎኗ ዛሬም እንደዚያው ነው። በነፋሱ በኩል ያለው ግን ከላይ እስከ ታች ቀይ ቡናማ ነጠብጣብ ወርሶታል፤ ሰው በእፍኙ እየዘገነ የበተነበት ነው የሚመስለው። ኡርሴላ መዳፏን አስነካችው። አፈሩ ከቀለሙ ጋር አብሮ ደርቆ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል።

የጠረገችው በጠዋት እንደሆነ፣ እሱ የቀለሙን ቆርቆሮ የከፈተው ከሰዓት በኋላ ቆይቶ እንደሆነ፣ በዚያ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ቀይ እንዳልሆነ ረጋ ብላ አስረዳችው። ጌድዮን አሰበና ክንዷን ለቀቀ። ይቅርታ አላለም፤ የእሱ ነገር እንዲህ ነው።

«እንግዲያው ሰው ነው» አለ።

ዊንድዋርድ መንደር ውስጥ አንድ ሰው እንዲህ ሲል ሌላው ምን ማለትህ ነው ብሎ አይጠይቅም። የመቃብር አፈር በደጃፍ ላይ ከተበተነ ቤት ይፈርሳል፤ በጀልባ ላይ ከተበተነ ጀልባዋ ባለቤቷን ትበላለች። ኡርሴላ ቤተ ክርስቲያን የማታስታጉል ሴት ናት፤ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም ትላለች። ቢሆንም መዳፏን በቀሚሷ ጠረገችው። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ወደ ውሃው ወርዳ ታጠበች።

ጀልባዋ ተራ ጀልባ ብትሆን ነገሩ ይህን ያህል ባልከበደ። ነገር ግን ስሟ «አልባን» ነው። ኡርሴላ ራሷ ናት ፊደሎቹን በሰማያዊ ባንዲራ ላይ ሰፍታ፣ ቅዳሜ ምሰሶው ላይ እስኪሰቀል ድረስ ሣጥን ውስጥ አጥፋ ያስቀመጠችው። አልባን ባሏ ነበር፤ ለጌድዮን ደግሞ አብሮት ያደገ ጓደኛው። ከስምንት ዓመት በፊት ከዜፍሪን ጋር ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው ማዕበል መጣ። መሪውን የያዘው ዜፍሪን ነበር፤ አንድ ሳንቃ አቅፎ ወደ ባሕሩ ዳር የተመለሰውም እሱ ብቻ ነው። ጌድዮን ያን ጊዜ፣ «ሁለት ሆነው ሄዱ፣ አንድ ሆኖ መጣ» አለ። ከዚያ በኋላ ለዜፍሪን ሰላምታ እንኳ ሰጥቶት አያውቅም።

ኡርሴላ ግን ሰጠችው። መጀመሪያ ዓሣ ነበር፤ በየሳምንቱ አንድ ዓሣ በቅጠል ተጠቅልሎ አጥሯ ላይ ተሰቅሎ ታገኘዋለች፤ ማን እንዳመጣው ታውቃለች፣ ስሙን ግን አታነሣም። ቀስ በቀስ ዜፍሪን የቤቷ ደረጃ ላይ መቀመጥ ጀመረ። ዘንድሮ በፋሲካ ሰሞን ሊያገባት እንደሚፈልግ ነገራት፤ እሷም እሺ አለችው። «ግን የአልባን ስም መጀመሪያ ባሕር ይግባ። ከዚያ ለጌድዮን እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለችው። ዜፍሪን፣ «እንዳልሽ» ከማለት በቀር ምንም አልመለሰም። የሚያብለጨልጭ ቃል የማያውቅ ሰው ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ሰማዩ ደስ አይልም ነበር። ፀሐይዋ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ገርጥታ ተሰቅላለች፤ በማዶ ሁልጊዜ የምትታየው የፔቲት ማርቲኒክ ደሴት ጨርሶ የለችም። በሰኔ እንዲህ መሆኑ አዲስ ነገር ስላልሆነ ሰው ሙቀቱ ነው ብሎ አለፈው። ማንም ቀና ብሎ አላየም፤ ሁሉም የሚያየው ጀልባዋን ነበር።

ቀትር ሳይደርስ እማማ ዩዶራ መጡ። ቤታቸው ወደ መቃብሩ ኮረብታ በሚወስደው መንገድ ጠርዝ ላይ ነው፤ በዚያ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሁሉ ከዓይናቸው አያመልጥም። ከጀልባዋ ጎን ትንሽ በጥፍራቸው ፈቅፍቀው አሸተቱ።

«ይኼ የታችኛው አፈር አይደለም» አሉ። «የታችኛው ጥቁር ነው። ቀይ ያለው ላይ ነው፣ ከሙታን ዘንድ።»

«ላይ ማን ወጣ?» አለ ጌድዮን።

አሮጊቷ ወደ ኡርሴላ ሰረቅ አድርገው አዩ። ትናንት በራቸው ላይ ተቀምጠው አተር ሲፈለፍሉ ዜፍሪን ከኮረብታው ሲወርድ እንዳዩት፣ እጁ እስከ ክርኑ ቀይ እንደነበረ፣ እንዴት ዋልክ ሲሉት እጁን ወደ ኋላው እንደሸሸገ፣ ሥጋ ቤት ገብቶ የተያዘ ውሻ መስሎ እንዳለፈ ተናገሩ። «እኔ ያየሁትን ነው» አሉ ሲጨርሱ። «ሰው ላይ አልመሰክርም።»

የሚያስፈልገውን ያህል ግን መስክረው ነበር።

ጌድዮን፣ ዜፍሪን ቅዳሜ ጀልባዋ የምትጎተትበትን ገመድ እንዳይነካ ሲል ተናገረ። ኡርሴላ ነገሩ ሳይጣራ እንዲህ እንዳይል ለመነችው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አላት። ወሬው ከእሱ እግር ቀድሞ ላይኛው መንገድ ደረሰ። የላይኛው መንገድ ሰዎች የዜፍሪን ዘመዶች ናቸው፤ ትከሻ ያለው ጎረምሳ ሁሉ ከዚያ ነው። ወዲያው መልስ ላኩ፦ ዜፍሪን ካልጎተተ እኛም አንጎትትም።

እንዲህ ያለ ጀልባ በሁለትና በሦስት ቤተሰብ ጉልበት ባሕር አይገባም። ደግፈው ያቆሟት እንጨቶች በመጥረቢያ ይቆረጣሉ፤ በጎኗ ግንዶቹ ላይ ትተኛለች፤ ከዚያ መንደሩ ሁሉ አንድ ገመድ ይዞ እየዘፈነ ይጎትታታል። ድጋፏ ተቆርጦ ከወደቀች በኋላ ሳትገባ ከቀረች ፀሐይ ሳንቃዎቿን ትሰነጣጥቃቸዋለች፣ ሰውም ገደቢስ ናት ብሎ አይሳፈርባትም። ጌድዮን ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋባት ጀልባ የዶሮ ማደሪያ ትሆናለች። ይህን እሱም ያውቃል። አውቆም ሐሳቡን አልለወጠም።

ኡርሴላ ቤቷ ገብታ ማብሰል ሞከረች። እጇ ሽንኩርቱ ላይ ነው፣ ልቧ ሌላ ቦታ። ሰኞ ዕለት ዜፍሪን ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ «የሞተ ሰው ስሙ በየወደቡ ሲጠራ ደስ ይለው ይሆን?» ብሏት ነበር። ያን ጊዜ የሐዘን ቃል መስሏት እጁን ያዘችው። አሁን ያንኑ ቃል መልሳ ስትሰማው ሌላ ጣዕም ሰጣት። ስሙ ባሕር እንዳይገባ ይሆን የፈለገው? ማዕበሉስ በዚያን ቀን በእርግጥ እንዳለው ትልቅ ነበር? ስምንት ዓመት ሙሉ እንዴት እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም። አለመጠየቋን ደግነት ትለው ነበር።

ጥርጣሬ እንደ ባሕር ትል ነው። ሳንቃው ላይ ከውጭ የሚታየው ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ያህላል፤ ውስጡ ግን ተቦርቡሮ አልቋል።

ምሳውን እሳት ላይ ትታ ወጣች። ዜፍሪን ከባሕሩ ዳር ከለውዙ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የቀርከሃ የዓሣ ወጥመድ ይጠግን ነበር። ስትመጣ አይቶ ቦታ ለቀቀላት፤ አልተቀመጠችም።

«ምሳ ይዘሽልኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ለካ ኩርፊያ ነው የያዝሽው።»

«ትናንት ከመቃብር ስትወርድ ታይተሃል።»

«ከእማማ ዩዶራ ዓይን የተረፈ ፍየል እንኳ የለም።»

«ዜፍሪን፣ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

ቀርከሃውን አጠፈ፣ አሰረ፣ በጥርሱ ቋጠሮውን አጠበቀ። ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ ቀስ እያለ ጠፋ። ጌድዮን ልኳት እንደሆነ ጠየቃት። ማንም አልላከኝም አለችው።

«እንግዲያው የምትጠይቂኝ አንቺ ነሽ።»

«አላደረግሁትም በለኝና ልመንህ። ሌላ ምንም አልልህም።»

ዜፍሪን ለብዙ ጊዜ ወደ ባሕሩ አየ፤ በዚያ ጭጋግ ውስጥ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል። «ጌድዮን መጥቶ ቢጠይቀኝ እመልስለት ነበር» አለ በመጨረሻ። «ደንበኛ ጠላቴ ነው፤ መጠየቅ መብቱ ነው። አንቺ ከጠየቅሽኝ ግን መልሱ ምን ይረባኛል?»

ወጥመዱን አንሥቶ ትቷት ሄደ። ኡርሴላ ዛፉ ሥር ቀረች። እውነተኛ ሰው ቢሆን ኖሮ አይደለም ብሎ ይምል ነበር ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ፣ የሚዋሽ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ምሎ ነበር ብላ አሰበች። ሁለቱም እኩል ልክ መሰሏት።

ዓርብ ማለዳ ወደ ኮረብታው ወጣች። የምትፈልገው አፈሩ የተዛቀበትን ጉድጓድ ነበር። ካገኘችው ቢያንስ ታውቃለች፤ ማወቅ ከዚህ መንገላታት ይሻላል። እማማ ዩዶራ በር ላይ ነበሩ። ወዴት ነሽ አላሏትም፤ በዓይናቸው ሸኟት።

የአልባን መቃብር የለም፤ ባሕሩ መልሶ አልሰጠውም። ስሙ ግን በወላጆቹ የመቃብር ድንጋይ ላይ ከእነሱ በታች ተጽፏል። ኡርሴላ እዚያ ስትደርስ ቆማ ቀረች። ባለፈው የሙታን መታሰቢያ ቀን ድንጋዩን የዋጠው እሾህና ሐረግ አሁን የለም። ከነሥሩ ተነቅሎ ዳር ላይ ተከምሯል፤ ዙሪያው ያለው ቀይ አፈር በእጅ ተጎርጉሮ ተደልድሏል። በድንጋዩ ራስጌ አንድ ብርጭቆ በአፉ ተደፍቷል። ከጎኑ ያለውን ቡናማ ጠርሙስ አወቀችው፤ የበርበሬ ድልህ ሞልታ ለዜፍሪን የሰጠችው የራሷ ጠርሙስ ነው። አሸተተችው። ሩም ነበረበት።

አፈር ላይ ውሃና ሩም የሚፈሰው ለትልቅ ጉዳይ ነው፤ ልጅ ሲወለድ፣ ቤት ሲሠራ፣ ወይም ሰው ሊያገባ ሲል ለቀደሙት ይነገራል። ዜፍሪን ደግሞ የራሱ ወላጆች የተቀበሩት በወዲያኛው ጥግ ነው። እዚህ የመጣው ለአልባን ሊነግረው ነው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ብላዋለች፤ እሱም ለሞተ ሰው ብቻ ተናገረ። እማማ ዩዶራ ሲያገኙት እጁን የሸሸገው፣ ትናንትም መልስ የነሣት ያንኑ ቃል ሊጠብቅ ነበር።

ኡርሴላ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ማፈር ጀመረች፤ ግን እፍረቷ እንኳ ሳይሞላ ያ ትል እንደገና ተንቀሳቀሰ። ሣሩን ነቀለ፣ ሩሙን አፈሰሰ፤ ታዲያ ሲወርድ አንድ እፍኝ አፈር ይዞ አለመውረዱን ማን ያውቃል? ፈቃድ ሳይሆን ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ቢሆንስ? በገዛ ሐሳቧ ደነገጠች። እንዲህ የምታስብ ሴት መሆኗን አታውቅም ነበር።

ልትነሣ ስትል ድንጋዩን በእጇ ተደገፈች፤ መዳፏ ቀላ። ድንጋዩ በኖራ የተቀባ ነው። ወደ ባሕሩ የዞረው ፊቱ ላይ ያ የጀልባዋ ነጠብጣብ አለ፤ እንዲያው አንድ ዓይነት፣ እንዲያው ያንኑ የሚያህል። ወደሚቀጥለው መቃብር ሄደች፤ እሱም ላይ አለ። ወደ ሌላው፣ ወደ ሌላው። የወይን ቅጠል የመሰለው የባሕር ዳር ቁጥቋጦ ቅጠሉ ሁሉ በነፋሱ በኩል ቀይ አቧራ ለብሷል። ከመሬቱ ቆንጥራ በጣቶቿ መካከል አሸችው፤ ጠጠርና የሥር ክር አለበት። የድንጋዩን ደግሞ አሸችው፤ እንደ ዱቄት ሟሟ፣ ምንም አልቀረም። ይህን ዱቄት ታውቀዋለች። በየዓመቱ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዋን ስታጥብ ሥሩ ላይ የምታገኘው ቀይ ዝቃጭ ይኸው ነው። የጣራው ቆርቆሮ ዝገት ይመስላት ነበር።

ሰው በአንድ ጀልባ ላይ አፈር ሊበትን ይችላል። ኮረብታ ሙሉ ግን አይበትንም።

ቀና ስትል ከጭጋጉ ውስጥ አንዲት ባለሁለት ምሰሶ መርከብ ስትወጣ አየች። የካፒቴን ቴዎፊል ናት፤ ለበዓሉ ዱቄትና ሩም ይዛ ከባርባዶስ መምጣቷ ነው። ሸራዎቿ ሸክላ መስለዋል።

ኡርሴላ እየሮጠች ወረደች። ጌድዮን ትንሿን ጀልባ ወደ ውሃው ሲገፋ ደረሰችበትና ሳትጠየቅ ገባች። ቀዝፈው ወደ መርከቧ ጎን ደረሱ።

«ሸራህን እንዳይበሰብስ በቅርፊት ቀለም ነክረኸው ነው ወይስ አርጅቶብህ?» አለ ጌድዮን ከታች።

«የነከረውስ ሌላ ነው» አለ ካፒቴኑ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ውጣና እይ።»

በመርከቧ ወለል ላይ፣ በገመዱ እጥፋት ውስጥ፣ በጀሪካኖቹ ክዳን ላይ ሁሉ ያ ዱቄት ነበር። ካፒቴን ቴዎፊል ረቡዕ ሌሊት ከባርባዶስ ወጥተው በመካከል ሳሉ ጥቂት ጭቃ የሆነ ካፊያ እንደወረደባቸው፣ ነፋሱ ከምሥራቅ እንጂ ከየትም እንዳልነበረ፣ ጥርሳቸው ሥር አሸዋ ሲንኮሻኮሽ እንዳደረ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ሞቶ አንድ ቀን ሙሉ ውሃው ላይ እንደ ቡሽ ተንሳፍፈው ዋሉ። ጌድዮን ባሕር ላይ አፈር ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀው። ከመርከቧ በስተምሥራቅ ምን ምድር እንዳለ ቆጥሮ እንዲነግረው ካፒቴኑ በተራው ጠየቀው።

«ምንም የለም» አለ ጌድዮን።

«አለ እንጂ። ጊኒ አለች፤ አፍሪካ።»

ጌድዮን ሳቀ፤ ግን ብቻውን ነበር የሳቀው። ካፒቴኑ ባርባዶስ ውስጥ በምሥራቁ ገደል ጫፍ ላይ መረብ ሰቅለው ነፋሱን የሚያጣሩ ሰዎች እንዳሉ፣ አፈሩ ከአፍሪካ በረሃ ተነሥቶ ውቅያኖሱን ተሻግሮ የሚመጣ ነው እንደሚሉ ተናገረ። እሱም እብዶች ናቸው ብሎ ሲስቅባቸው ነበር፤ ትናንት ግን የሳቀበትን ነገር ከሸራው ላይ በመጥረጊያ ሲያራግፍ ዋለ።

«ነፋስ ያን ያህል መንገድ አፈር ሊሸከም?» አለ ጌድዮን።

«ቅድመ አያቶቻችንንስ ምን አመጣቸው? በነዚያ የባሪያ መርከቦች ሸራ ላይ ይነፍስ የነበረው ይኸው ነፋስ አይደል?»

 ጌድዮን ከወለሉ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገ፣ ተፋ፣ እንደገና ቆነጠረ። ከዚያ በጥንቃቄ በመሐረቡ ቋጠረና ወረደ።

ሲመለሱ መቅዘፊያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከሳበ በኋላ፣ «ታዲያ እጁ ለምን ቀላ?» አለ። ከሸራውም ከበረሃውም ይልቅ ይህች አንዷ ነገር አልለቀቀችውም። «አፈሩ ከጊኒ ይምጣ። ዜፍሪን መቃብር ውስጥ ምን ይሠራል? የሚደበቅ ነገር ባይኖረው ለምን ደበቀ?»

ኡርሴላ ባሕሩን አየች፣ ከዚያ የወንድሟን እጆች አየች። ጀልባዋ ሳትገባ አልናገርም ብላ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ግን ጀልባዋ እንዳትገባ ያደረገው ያ ዝምታ ራሱ ነው።

«የአልባንን ቦታ ሊያጸዳ ነው የወጣው» አለች።

«እሱ? ምን አግብቶት?»

«ሊያገባኝ ፈቃድ ሊጠይቅ።»

መቅዘፊያዎቹ ውሃው ላይ ቆሙ። ትንሿ ጀልባ በነፋሱ ቀስ እያለች ዞረች።

«ከማን?»

«ካንተ በፊት ከአልባን። እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ የኔ ነው።»

 በጌድዮን ፊት ላይ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ያየችው ግን ድካም ብቻ ነው፣ ለብዙ ጊዜ አንድ ከባድ ነገር ተሸክሞ የት እንደሚያስቀምጠው የጠፋበት ሰው ድካም። ጀልባይቱ ጠጠሩን እስክትነካ ድረስ ቀዘፈ። ከወረዱ በኋላ መሐረቡን ለእማማ ዩዶራ ሰጣቸው፣ ካፒቴኑ ያለውንም ባጭሩ ነገራቸው።

አሮጊቷ ዱቄቱን በመዳፋቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ታዲያ አላልኩም?» አሉ። «የሙታን አፈር ነው። የተሳሳትኩት የማን ሙታን እንደሆኑ ነው።» ከዚያ መሐረቡን መልሰው ቋጥረው ጡታቸው ሥር ሸጎጡት። ለጌድዮን አልመለሱለትም።

ቅዳሜ ጠዋት ጌድዮን ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ በላይኛው መንገድ ብቻውን ወጣ። ኡርሴላ ከታች ቆማ ታየው ነበር። በዜፍሪን በር ላይ ቆሞ ጌድዮን የተናገረው ነገር በኋላ በመንደሩ ሁሉ ተወራ፤ እንዲህ ነበር፦ «ገመዱ ላይ ሰው ጎደለኝ።» ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም።  ዜፍሪን ኮፍያውን ከሚስማሩ ላይ አወረደ፣ ዘመዶቹም ተከተሉት።

እንጨቶቹ አንድ በአንድ ተቆረጡ፤ ጀልባዋ በንጹሕ ጎኗ ግንዶቹ ላይ ተኛች፤ ነጠብጣቡ ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆነ። እንደገና ለመቀባት ጊዜ አልነበረም። ሰው እየዘፈነ ጎተተ። ዜፍሪን የያዘው የገመዱን መጨረሻ ነው፤ ጌድዮን ከፊት ነበር፤ በመካከላቸው መንደሩ በሙሉ። ባንዲራው ተዘርግቶ የአልባን ስም ሲታይ ኡርሴላ ወደ ዜፍሪን ተመለከተች። እሱ ባንዲራውን አላየም፣ እሷንም አላየም፤ እግሩን አሸዋው ውስጥ ቀብሮ ይጎትት ነበር።

ጀልባዋ ከተንሳፈፈች በኋላ የበቆሎ ገንፎና አተር በሳህን ይዛለት ሄደች። ቆሞ በላው። መቃብሩን እንዳየችው፣ ጠርሙሱንም እንዳየችው ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለች።

«አድርጌልሻለሁ።» ሳህኑን መለሰላት። «ግን ጠየቅሽኝ። ያ ከልቤ እስኪወጣልኝ ትንሽ ልሂድ።»

በማዕበሉ ቀን የሆነውን ከመሄዱ በፊት ሳትጠይቀው እሱ ራሱ ነገራት፤ ጀልባቸው ስትገለበጥ አልባን ሳንቃውን ወደ እሱ ገፍቶለት ነበር። ኡርሴላ ሰምታ አመነችው።

ዜፍሪን ሰኞ ጠዋት በካፒቴን ቴዎፊል መርከብ ወደ ባርባዶስ ሄደ። በኅዳር ተመልሶ መጣ፤ ከገና በፊት ተጋቡ።